ወደ ላይ ስገፋው የወረደው ቀስት

ወደ ጥለት ክፍል የተዛወርኩ ዕለት መጀመሪያ የተባልኩት «ጫማህን አውልቅ» ነው። አቧራ ለኮምፒዩተሩ አይስማማውም ተብሎ፣ ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁላችንም በካልሲ ነበር የምንገባው። የደብረ ብርሃን ሲሚንቶ ወለል ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያደርግ የረገጠው ያውቀዋል።

ፋብሪካችን ብርድ ልብስ ይሠራ ነበር። እኔ ከሰላ ድንጋይ ገጠር መጥቼ መጀመሪያ የበር ጥበቃ ሆንኩ፤ ከዚያ ሸማኔ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከፈረቃ መልስ እያንቀላፋሁ። ዓይኔ ለጥለት ጥሩ ነው ተብሎ ለኮምፒዩተሩ ታጨሁ።

ማሽኑ በእርዳታ የመጣ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንደሚታየው ዓይነት አልነበረም፤ የሚሠራበት ሥርዓት ለብቻው ነው፣ የሌሎቹን ፕሮግራም አይቀበልም። ለሥዕል ግን ተወዳዳሪ የለውም። ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ስትገፋው ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ይከተልሃል። በቀስቱ የብርድ ልብሱን መስመር ትስላለህ፤ ሲያልቅ ዲስክ ላይ ትገለብጣለህ። ሸማኔው ከዲስኩ በወረቀት የታተመውን አይቶ ይሠራል።

ያስተማረኝ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ታምራት የሚባል ወጣት ኢንጂነር ነው። ስለ ቫይረስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው።

«ሰው ሆን ብሎ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው፣ ጋሽ ሸዋንግዛው። በዲስክ ተደብቆ ይገባና ራሱን እያባዛ ያበላሻል።»

«ይኼንንስ አይነካውም?»

«ይኼንን ማን ብሎት! ስንት ሰው ይጠቀምበታል ብለው ይለፉበት? ለእሱ አያስቡ።»

እኔም አላሰብኩም።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በላይነህ ለሥልጠና ውጭ ሄዶ ሲመለስ የአውሮፕላን ጨዋታ ያለበት ዲስክ ይዞ መጣ። እኛን ክር ሰርቀን እንዳንወጣ በር ላይ እስከ ብብታችን ይዳብሱናል። የእሱን ኪስ ማን ይዳብሳል? እኔም ጠባቂ ሳለሁ አልዳበስኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከነጫማው ይገባና «እስቲ ተነስ፣ ትንሽ ልብረር» ይለኛል። የራሱን ዲስክ አጉርሶ ማሽኑን ያስነሳል፤ በርሮ ሲጠግብ ዲስኩን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይወጣል። እኔ ማሽኑን ሳላጠፋ የጥለቱን ዲስክ እከትና ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አንድ ጠዋት ማውሱን ወደ ላይ ስገፋው ቀስቱ ወረደ። ወደ ታች ስስበው ወጣ። ማውሱን አዙሬ ያዝኩት፤ ላይና ታቹ ተስተካከለ፣ ግራና ቀኙ ተምታታ። አጥፍቼ ሳበራው ደህና ይሆናል፤ ጥቂት ዲስክ እንደገለበጥኩ ተመልሶ ያብዳል። ማሽኑን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት እጄን ነው። ሞፈር የለመደ እጅ ይኼን ሊችል ኖሯል ወይ አልኩና ዝም ብዬ በተገለበጠው ለመሥራት ታገልኩ።

የጠርዙ ጥቁር መስመር ዝቅ ብሎ ተሳለ፤ እንደዚያው ተሸመነ። ብርድ ልብሱ ደግሞ ለጦሩ የሚላክ ነው። ጓድ በላይነህ ቢሮው ጠራኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም።

«ወይ ችሎታ የለህም፣ ወይ አሻጥር ነው። የትኛውን ልጻፍ?»

በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። «ችሎታ የለኝም ይበሉ፣ ጓድ» አልኩ።

«እኔ ምን አገባኝ። ራስህ በስብሰባ ትላታለህ።»

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ የሚደረገው መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነው። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእጄ ነው» አልኩ። እዚያ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። አልተቀመጥኩም። «እኛ በጎልማሳነት ፊደል የቆጠርን ሰዎች ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ገና አልደረስንም» ብዬ ጨመርኩ። ይቺን ማንም አላዘዘኝም። ንግግሩ እንዲያምር ነው የጨመርኳት። አጨበጨቡልኝ።

በሳምንቱ ከመሠረተ ትምህርት የመጣ ሠራተኛ አዲስ ማሽን ላይ እንዳይመደብ ተወሰነ፤ እኔም ከኮምፒዩተሩ ተነሥቼ ወደ ሽመናው ተመለስኩ። አሰለፈች የምትባል የአንኮበር ሴት ነበረች፤ ሱፍ ማበጠሪያው ክፍል ብናኙ ደረቷን ጨርሶት፣ ወደ አዲሱ የክር መቆጣጠሪያ ማሽን ልትዛወር ቀን ትጠብቅ ነበር። ዝውውሯ ቀረ። በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ማነው ውክልና የሰጠህ?»

«አሻጥር ሊሉኝ ነበር እኮ፣ አሰለፈች።»

«እሱማ ይገባኛል። የራስህን እጅ ስደባ! የኔን እጅ መቼ አየኸው?» ሳሏ ያዛትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። «ደግሞ ማሳመርህ! እንዳንተ ያለ ሰባኪ እኛ አገርም የለም።»

ትቻት ወደ ፈረቃዬ ገባሁ።

ታምራት ለጥገና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔንም አስጠራኝ። ቀስቱን አየው፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ መረመረና ፊቱ ተለወጠ። ቫይረስ ነው። የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ሲነሣ ቀድሞ እሱን ያነባል፤ ከዚያ ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ የገባለትን ዲስክ ሁሉ ይበክላል፤ ራሱን ጥቂት ካባዛ በኋላ ቀስቱን ይገለብጣል። ማሽኑን አጠፋው፣ ጽሑፍ በማይቀበል ንጹሕ ዲስክ አስነሣው፣ የሌሎቹን ዲስኮች ሁሉ መጀመሪያ ክፍል እንደ አዲስ ጻፈው። «እጅዎ ምንም አልሆነም፣ ጋሽ ሸዋንግዛው። እኔ ነኝ አይነካውም ያልኩዎት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። የጨዋታውን ዲስክ አንሥቶም «ይኼስ የማነው?» አለ።

ጓድ በላይነህ በሩ ላይ ቆሟል። «የክፍሉ ነው» አለ።

«ታዲያ ይኼ ነገር በስብሰባ ይነገርልን» አልኩ።

«የተዘጋ አጀንዳ ነው። ወንበርህ ተመለሰልህ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

እውነቱን ነው፣ ወንበሬ ተመለሰልኝ። ጥለት የሚስል ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ውሳኔው ግን አልተነሣም፤ እኔም ለወንበሬ ፈርቼ በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አላወጣሁም። መንግሥት ሲለወጥ ውሳኔው አብሮ ቀረ፤ አሰለፈች ግን ያኔ ሥራውን ትታ አንኮበር ገብታ ነበር። ሄጄ አላየኋትም። ምን ልላት?

በሙያው ላላችሁ የምለው ይኼን ነው። ማሽናችሁ ያልተለመደ ዓይነት ስለሆነ ማንም አይደርስበትም አትበሉ። ሲበላሽ ከሠራተኛው እጅ በፊት ማሽኑን መርምሩ። ተገዳችሁ ራሳችሁን ብትወቅሱ እንኳ፣ እናንተው ላይ አቁሙ።