የእጣቢው ጉድጓድ

መንደር ምሥረታ መጥቶ የአንኮበር ገደል አፍ ላይ በሰልፍ ያኖረን ጊዜ ነው። የአማቴ ቤት አዲሱ መንደር ካረፈበት ቦታ ላይ ስለነበር ሳይፈርስ ቀረ። ሰውም ዕድለኛ ይላቸው ነበር።

ድሮ ቤቱ የተራራቀ ነው፤ እጣቢህን ከደጅህ ብትደፋ መሬቱ ይጠጣልሃል። ተጠጋግተን ስንኖር ግን የሁሉም እጣቢ ቁልቁል ወርዶ ምንጩ ውስጥ ገባ። ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ጀመር። ከደብረ ብርሃን የጤና ሰው መጣና፣ አንድ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድንጋይና ጠጠር ሙሉበት፣ እጣቢያችሁን እዚያ ድፉ፣ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ይጠራል አለን። እሱ ክፉ አላሰበም።

ቦታውን የመረጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ከአማቴ ጓሮ፣ ከፍግ ክምሩ በላይ ካለው ተዳፋት ቆመና "እዚህ" አለ።

ከፍጉ ሥር የገብስ ጉድጓዳችን አለ። የመንግሥት የእህል ኮታ ሲጠየቅ የለንም ብለን የደበቅነው ነው፤ እስከ አዲሱ እህል የምንበላው ሌላ የለንም። ባሌ ዘምቷል፣ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ።

"እማማ፣ ከታች የሚበላሽ ነገር አለ እንዴ?" አላቸው በሰው ፊት።

"ምን ይኖራል ልጄ፣ ፍግ ነው።"

"ካሉማ ጥሩ። ቆፍሩ።"

አማቴ ቤት ገብተው ተቀመጡ። "ያውቃል" አሉኝ። "ያንን ጉድጓድ በጎረምሳነቱ የቆፈረልኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን በደሉት?"

"ምን እበድለዋለሁ፣ ምሳ ሰጠሁት። በገል ነው የሰጠሁት። ሲጨርስ ሰበርኩት። ለሸክላ ሠሪ ልጅ በሰው ሳህን ይሰጥ ኖሯል?" አሉ። እውነትም አልገባቸውም። ለእኔ ደግ ነበሩ።

ገብሱን እንዳናወጣ ደጅ ለደጅ ይተያያል። መንደሩ ጧት ማታ ይደፋል፤ እኛም እንዳንጠረጠር እንደፋለን። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጨመርበት ጓሮው ጠላ ጠላ ይሸት ጀመር።

"እማማ፣ ጠምቀው ሳይጠሩን?" አለች ጎረቤታችን፣ ገበታዋን እያራገፈች።

ሽታው እንደሁ አውጥቶናል ብለን ከፈትነው። ገብሱ ጠቁሮ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ላሚቱ አሽትታው ሄደች። ጎረቤቱ ሁሉ ኮታ ሰጥቶ እጁ ባዶ ነው፤ የቀረው የማኅበሩ መጋዘን ብቻ ነው። አማቴ ነጠላቸውን አደግድገው ሄዱ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ተከተልኩ።

"ገብሳችን ተበላሸ ልጄ፣ ለዚች ስትል ትንሽ እህል..."

"የምን ገብስ?" አለ ሊቀመንበሩ። "ኮታ ስንጠይቅ የለንም አላሉም? የሌለ ነገር እንዴት ይበላሻል?"

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። አማቴም አብረው ሳቁ፤ ምን እንደሚያደርጉ ቢጠፋቸው ነው።

ምንጩ ጠራ። የመንደሩ ልጆች ተቅማጥ ተዋቸው፣ እናቶቻቸውም ሊቀመንበሩን መረቁ። እኔ ሐምሌ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ጡቴ ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። ከዚያው ከምንጩ ውሃ ጥጥ እየነከርኩ ከአፏ ላይ እጨምቅላት ነበር።

ለቡሄ አልደረሰችም።