እትዬ ዘነበች ለመጽሐፍ የጠራችው ደቦ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከሮቤ ድረስ በሚኒባስ መጥታ እኔ ቤት ዋለች። መምህርነቷን ትታ ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመረች ቆይታለች። ድንች ቀቅዬ በአዋዜ አቀረብኩላትና እየበላን ስንጫወት፣ ለካ ሆድ ሆዷን የሚበላት ነገር ኖሯል። «እትዬ፣ እርስዎ አለቃ የለብዎት፣ የመግቢያ ሰዓት የለብዎት» አለችኝ፤ «ጠዋት ጠዋት ማን ነው ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጥዎት? እኔ እኮ ቀኑ ከእጄ እያመለጠብኝ ነው።»

እኔ በትምህርት ብዙ ያልገፋሁ ሰው ነኝ። ለሬዲዮ የምጽፈውን ተረትም ሆነ የልጆች መጽሐፉን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ራሴን በራሴ እያስተማርኩ ነው የደረስኩበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ ምክር አላውቅም፤ የማውቀው ሰው ነው። ለልጅቷም ስለ እትዬ ዘነበች አወራሁላት።

እትዬ ዘነበች እዚሁ አሰላ፣ ካደግኩበት ቤት ጋር በአጥር የምትዋሰን ጎረቤታችን ነበረች። እኔ ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። እሷ የመሥሪያ ቤት ሥራዋን በፈቃዷ ለቃ በብዕሯ ለመኖር የቆረጠች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። አንድ መጽሐፍ ታትሞላታል። ሰፈሩ ግን ከመጽሐፏ ይልቅ ስለ ጠዋት አመሏ ነበር የሚያወራው።

ጠዋት በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች። ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ በዋናው በር ትወጣለች። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አፍንጫ በሚቆርጥበት በዚያ ሰዓት አጥሩን ዙሪያውን ትዞርና በጓሮዋ በር ተመልሳ ትገባለች፤ ከዚያ ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ትቀመጣለች። ቢሮዋ እሱ ነው። ለምሳም በዚያው መንገድ ዞራ «ወደ ቤቷ» ትመለሳለች። ክረምት ገብቶ ጭቃው ጫማ እስኪያስቀር ድረስ ሲይዝ እንኳ አቋርጣ አታውቅም። አንድ ቀን «እትዬ፣ ለምን በግቢው ውስጥ አትሄጂም? እዚህ እኮ ነው» ብላት፣ «እሱማ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር ነው። ሥራ መንገድ ያስፈልገዋል» አለችኝ።

መንገዱን እሷ ብታምንበትም ጎረቤት ግን አላመነበትም። ለሰፈሩ እትዬ ዘነበች ቤት የምትውል ሴት ናት፤ ቤት የሚውል ሰው ደግሞ ሥራ የለውም። ገበያ የሚሄደው ቁልፉን እሷ ጋ ያስቀምጣል። ስንዴ ያሰጣችው ዶሮ እንድታባርርላት አደራ ትላለች። ከሁሉ የሚብሱት እማማ ደብሪቱ ነበሩ፤ ደግ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። በሰርቪሱ መስኮት አንገታቸውን አስግገው «ዘነቡ፣ ብቻሽን ነሽ? ትንሽ እናውጋ» ያሉ እንደሆን ግማሹ ቀን ሄደ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ሁለተኛው መጽሐፏ ተጓተተ። የአዲስ አበባው አሳታሚ፣ ሙሉው ጽሑፍ በንጹሕ ተገልብጦ ሰኞ እጁ ካልገባ ተራውን ለሌላ ደራሲ እንደሚሰጥ መልእክት ላከባት። ጎበሳ ከተማ ሱቅ ያለው ወንድሟም «ይህኛው ካልወጣ ዕቃሽን ጭነሽ ትመጪና ሱቁን ትይዣለሽ» ብሏት፣ እሷም እሺ ብላ ቃል ገብታለት ነበር። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ገና አልተጻፉም። የተጻፈውም ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው።

ጊዜው ገብስ የሚታጨድበት ነበር። አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ ዞረች። እኛ ቤት ስትደርስ እማማ ደብሪቱም ተቀምጠው ነበር።

«ቅዳሜ ደቦ ጠርቻለሁ» አለች።

«መሬት ገዛሽ እንዴ?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«አልገዛሁም።»

«ታዲያ ምን ልታሳጭጂን ነው?»

«መጽሐፍ።»

እማማ ደብሪቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይቺ ልጅ፣ ብርዱ ጭንቅላቷ ገብቷል» አሉ። እትዬ ዘነበች ግን አልሳቀችም። ስለ ሰኞውም፣ ስለ ወንድሟም፣ ስለ ጎበሳም ነገረችን። «መጻፉን እኔው እጽፈዋለሁ» አለች፤ «ሌላውን ግን ብቻዬን አልቻልኩም።» የእማማ ደብሪቱ ሳቅ ቆመ። እኛ ዘንድ ደቦ ለተጠራ ሰው መቅረት ነውር ነው፤ የራሱ ገብስ ሲደርስ እሱም መጥራቱ አይቀርማ።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። እናቴና እማማ ደብሪቱ ምድጃውን ያዙ፤ ሌሎቹ ውሃ ቀዱ፣ ልብስ አጠቡ። ለእኔና ለሁለት እህትማማቾች (የመሠረተ ክርስቶስ ይሁን የሌላ፣ ብቻ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው)፣ የእጅ ጽሑፋችን ይነበባል ተብሎ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ጠረጴዛ ወጣልን። እትዬ ዘነበች ሰርቪሱ ውስጥ ትጽፋለች፣ የጻፈችው ሉክ ይወጣልናል፣ አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌሎቻችን እንገለብጣለን። በየመሃሉ ጭኮ ይመጣልናል። የገብሱ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ርሶ፣ ጣት ላይ የሚቀረው ሽታ ዛሬም ድረስ ይመጣብኛል። ወረቀቱን ቅቤ እንዳናስነካ እጃችንን በሣር እየጠረግን ነበር የምንጽፈው።

በሩ ላይ አባ ቱሉ ተቀመጡ፤ ድሮ ጋሪ ይነዱ የነበሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጎረቤት እንደለመደው ብቅ አለ።

«ዘነበች የለችም?»

«አለች» አሉ አባ ቱሉ።

«ቁልፍ ላስቀምጥ ነበር።»

«ደቦ ላይ ናት። አንተ ኪስ የለህም?»

ሰውየው ይቅርታ ብሎ ሄደ። እየጻፈች ነው ቢሉት ኖሮ ገብቶ ወንበር ይስብ ነበር። ደቦ ላይ ያለን ሰው ግን ማንም አያስቆምም።

ከሰዓት በኋላ ሉኩ መምጣቱን አቆመ። ጠበቅን። ኋላ በሩ ተከፈተና እትዬ ዘነበች ፊቷ አመድ መስሎ ቆመች። «ተቋረጠብኝ» አለች፤ «ከባሏ የምትሸሸውን ሴትዮ ወንዙን አሻገርኳትና እዚያው ቆማ ቀረች።»

ልቤ ውስጥ የጎበሳ ሱቅ መጣብኝ።

እማማ ደብሪቱ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከማድ ቤት ወጡ። ጠዋቱን ሙሉ ንባቡን ሲሰሙ ነበር። «ባልየው ደረሰባት?» አሉ።

«አላውቅም እኮ ነው የምልዎት።»

«አንቺ ካላወቅሽ እኛ ከማን እንስማ? ሂጂና እይልን።»

እትዬ ዘነበች ትንሽ አየቻቸው። ቤት ገባች። ስትወጣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታለች። በግቢው መሃል አልፋ ወደ ዋናው በር ሄደች። ሰፈሩ ስንት ጊዜ የሳቀበት መንገድ ነው፤ ያን ዕለት ግን ጥርሱን ያሳየ ሰው አልነበረም። አባ ቱሉ ከበርጩማቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና በሩን ከፈቱላት። «ኢንተላ ኮ፣ መንገዱ ደርቋል» አሉ፤ ሴቱን ሁሉ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ልማዳቸው ነው።

አጥሩን ዞራ በጓሮ በር ገባች። «እንደምን አደራችሁ» አለችን፣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሳለ።

«እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ» አሉ እማማ ደብሪቱ ኮስተር ብለው።

የሰርቪሱ በር ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሉክ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያማ እጃችን አልደርስ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበን ጨረስነው። ሰኞ ማለዳ እትዬ ዘነበች ጥቅሉን አቅፋ መናኸሪያ ስትገባ ግማሹ ሰፈር ሸኛት። መጽሐፉ ወጣ። ጎበሳም ወንድሟን ልትጠይቅ ካልሆነ አልሄደችም። እማማ ደብሪቱ ፊደል አይለዩም ነበር፤ ያን መጽሐፍ ግን ቡፌያቸው ላይ አቁመው ለእንግዳ ሁሉ «ይሄ ያጨድነው ነው» እያሉ ያሳዩ ነበር።

ዕድሜዬ ሲገፋ ይበልጥ የማደንቃት ለዚያ መንገዷ ብቻ አይደለም። በየጠዋቱ ብቻዋን መዞሯ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብቻዋን የማይሆንላት ቀን ሲመጣ፣ ሊሳቅባት እንደሚችል እያወቀች ሥራዬ ነው ብላ ሰው መጥራቷ ይበልጥብኛል።

የሮቤዋ ልጅ ይህን ሰምታ የያዘችውን ድንች ወደ ሳህኑ መለሰች።

«አንቺ ስትጽፊ ሰው መጥቶ የት ናት ቢል፣ እቤት ምን ይሉታል?» አልኳት።

«ቤት ናት፣ ግባ ይሉታል።»

«በይ ቅዳሜ ደቦ ጥሪ።»

«ማን ይመጣልኛል ብለው ነው?»

እኔ እመጣለሁ አልኳት። ለሚኒባሱ ሾፌር ቦታ እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ። ውሃ መቅዳት ጉልበቴ አይፈቅድም፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ ግን የሚነበበውን እሰማለሁ።