በሕይወት ላለ ሰው የደረስሁት ፍትሐት

ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ንጉሥ ሆኛለሁ፣ ዳኛ ሆኛለሁ፣ ሰካራምም ሆኛለሁ፤ አንድ ጊዜ ፊልም ላይም ታይቻለሁ። «ትወና የት ተማሩ?» ሲሉኝ «ማንም አላስተማረኝም» እላለሁ፤ እውነቴን ነው። ፊደልንም የለየሁት ብቻዬን ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት ግን አዳራሽ ውስጥ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ በገዛ ቤታችን ደጅ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጉና ላይ ከአርበኞቹ ጋር ነበር። ልጁ የሸፈተበት ቤት ደግሞ ይቃጠላል፤ የጎረቤቶቻችን ሲነድ አይተናል። አጎቴ፣ «ሞተ ብለን እናልቅስ። ከሞተ ሰው ቤት ምን ይፈልጋሉ?» አለ። ገደል ገብቶ ሬሳው ጠፋ ተባለ። ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተን ለቅሶ ተቀመጥን። ካህን የሌለበት ለቅሶ ግን ማንን ያሳምናል? የነፍስ አባታችን እንቢ አሉ።

«በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት? ልጁን ልትቀብሩት ነው እንዴ!»

እኔ ፍትሐቱን ከቀብር ቀብር እየሰማሁ በቃሌ ይዤው ነበር። ዲያቆናቱ አንብበው ከሚሉት እኔ በቃሌ የምለው ያምር ነበር። አጎቴ ቆብና መስቀል ከየትም ፈልጎ አመጣና የጣራ ገዳም መነኩሴ ሆንሁ። እናቴ እጄን ጨብጣ፣ «የፈለግኸውን በል ልጄ፤ የክርስትና ስሙን ብቻ እንዳትጠራ። የአባትህን ጥራ» አለችኝ። በፍትሐት ስሙ የተጠራ ሰው አይሰነብትም ብላ ታምን ነበር። እኔም አምን ነበር።

ለጣሊያን ያደሩት ባንዶች መጡ። አለቃቸው የእብናት ሰው ነው፤ እኔን አያውቀኝም፣ ወንድሜን ያውቀዋል። ለቅሶኛው ግን በሙሉ ያውቀኛል። አንድ ሰው ቢስቅ፣ አንድ ሕፃን በስሜ ቢጠራኝ አለቀልን። ድምፄ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህ ስጦታ ነው። የሟች አባቴን ስም ጠርቼ ልቀጥል ስል፣

«አባ!» አለ አለቃው። «ማንን ነው የሚፈቱት?»

«ሟቹን።»

«ከሟቹ ጋር አንድ ማኅበር ጠጥተናል። የጠሩት የእሱ ስም አይደለም።» ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

አጎቴ ጣልቃ ገባ። «እንግዳ ናቸው ጌታዬ፣ ተሳስተው ነው።»

«እንግዲያው ያስተካክሉ፤ እየሰማሁ ነው።»

እናቴን አየኋት። ዓይኗ «አትበል» ይለኝ ነበር። ግራ ቀኝ ብመለከት መውጫ የለም፤ ጠራሁት፤ ያውም በሙሉ ድምፄ።

እናቴ ከጧት ጀምሮ አሳምራ ስታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ የወጣው ጩኸት ግን ሌላ ነው። ደረቷን ሳትመታ፣ እጇን ሳታነሣ፣ እንደ ቆመች ወደቀች። ሴቶቹ ማስመሰሉን ረስተው አብረዋት ጮኹ። አለቃው ኮፍያውን አወለቀ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና መስቀሌን ተሳልሞ ሄደ። ቤታችንን የነካው የለም።

ወንድሜ ጣሊያን ሲወጣ በደኅና ገባ፣ አገባ፣ ወለደ። ያን ቀን ስሙን ባልጠራው ኖሮ የሚገባበት ቤት ባልኖረው ነበር፤ ይህን ለእናቴ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ያም ሆኖ ወንድሜ «ራሴን አመመኝ» ባለ ቁጥር፣ ገና ውኃ ሳይቀርብለት፣ ዞራ የምታየው እኔን ነበር።