ከጭኔ ሥር የያዝኩት ሽጉጥ

ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር በመኪና እህል ሳመላልስ ሽጉጤን ወገቤ ላይ አልታጠቅም ነበር፤ ተቀምጦ ለመምዘዝ ስለማያመች ከጭኔ ሥር ወሽቄ በፎጣ እሸፍነዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ መታጠፊያ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘሁት። ገና ስቆም አንድ ሽማግሌ ከቁጥቋጦው ወጥተው ወደ መኪናው ሮጡ። ሽፍታ መስለውኝ ሽጉጤን መዝዤ በመስኮቱ ደገንኩባቸው።

«ተው የኔ ልጅ! ሴት ልጄን ምጥ ይዟታል፤ የሚቆምልን መኪና ብናጣ ነው የዘጋነው» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው።

ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። ከቁጥቋጦው የሴት ማቃሰት ሲሰማኝ ሽጉጡን አስቀምጬ ወረድኩ፤ ድንጋዩን አብረን አነሳንና ልጃቸውን ደግፈን መኪናው ውስጥ አስገባናት።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደጅ ስንደርስ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አልኳቸው።

«ቆመህልናል፤ እሱ ይበቃል» አሉና ልጃቸውን ደግፈው ገቡ። እኔ ግን ሞተሩን ሳላስነሳ የሽጉጡን ጥይት አንድ በአንድ አወጣሁ።