የጋፋት ሁለት ብረት ቀጥቃጮች

ባለፈው ሳምንት ይፋግ ገበያ ጨው ልገዛ ወርጄ፣ አንድ ቀጥቃጭ የጋለ ማረሻ ውሃ ውስጥ ሲነክር እንፋሎቱ ፊቴን መታኝና ምርኩዜን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ የአባቴ ልብስ፣ ጢሙ፣ የሚቆርስልኝ ዳቦ ሳይቀር ይህንኑ ይሸት ነበር።

ያን ጊዜ ንጉሡ መድፍ የሚሠሩላቸውን ፈረንጆች ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት ኮረብታ ላይ አስፍረዋቸው ነበር። አባቴም አብሯቸው እንዲሠራ ታዘዘና ከኮረብታው ግርጌ ጎጆ ቀለስን። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ ሰው ፈላሻ ይለናል። አባቴ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እናቴ ሸክላ ትሠራለች፤ አገሬው ግን ማረሻውን አሠርቶ፣ እንስራውን ይዞ ሲመለስ ቡዳ ይለናል፤ በዓይናችን ሰው የምንበላ ይመስለዋል።

አባቴ የሚሠራው ከአንድ ወጣት ፈረንጅ ጋር ነበር። በአንድ ወናፍ አንድ እሳት ያነዳሉ፣ ጥላሸቱም ሁለቱን እኩል ያጠቁራቸዋል። የመድፉ ብረት ቀልጦ የሚፈስበት ቅርጽ እየተሰነጠቀ ባስቸገረ ጊዜ የእናቴን የሸክላ አፈር አምጥቶ መላ ያገኘለት አባቴ ነው፤ የሐር እጀ ጠባብና በቅሎ የተሸለመው ፈረንጁ ነው። ጎረቤታችን እመት የሺም ገና ጢም ያላበቀለውን ፈረንጅ እጅ እየነሳች «አንቱ» ስትለው፣ ሽበታሙን አባቴን «አንተ» ትለው ነበር።

ልጇ አለሚቱ ግን ጓደኛዬ ነበረች። በእኛ ሕግ ከእምነታችን ውጭ ያለውን የነካ ሳይታጠብ ቤት አይገባምና፣ በአለሚቱ ምክንያት በቀን ሦስቴ ወንዝ ስለምወርድ ከጋፋት ልጆች ሁሉ እንደኔ የጠዳ አልነበረም።

ክረምት ሲገባ አለሚቱ በትኩሳት ወደቀች። መጀመሪያ የወሰዷት ወደ ፈረንጁ ነው፤ አንድ መራራ ዱቄት ሰጣት፣ ባሰባት፤ እሱ በላት ያለ ሰው ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ዱላ የያዙ ሰዎች ደጃችን ላይ ቆሙ። የበላት አባቴ ነውና መጥቶ ትፍ ይበልባትና ይልቀቃት አሉ።

እኔ ኮረብታውን በሩጫ ወጣሁ። አማርኛ ያውቅ ነበርና፣ አባቴ ቡዳ አለመሆኑን እንዲነግርልን ፈረንጁን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። የአገሩ ልማድ ነው፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ ምን አገባኝ አለኝ።

«ብረቱን የምትቀጠቅጡት አብራችሁ ነው፤ አንቱንስ ለምን አይፈሩም?» አልኩት።

ወደ ወናፉ ዞሮ እሳቱን ማናፋት ጀመረ።

ስመለስ አባቴ እመት የሺ ቤት ገብቷል። እምቢ ቢል ልጅቷ ስትሞት እኛንም አይምሩንም፤ እሺ ቢል ቡዳነቱን አመነ ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ትፍ አለባት። ከዚያም ደጅ ላይ የቆምነውን አልፎ ሊታጠብ ወደ ወንዝ ወረደ፤ ዝናብ እየመታው እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተመለሰም።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ እናቴ ግን ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። አለሚቱ በመዳኗ የአባቴ ቡዳነት ለአገሩ ሁሉ ተረጋገጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ምንጭ ላይ ሳገኛት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በሌላ መንገድ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ወደ እብናት ተሰደድን።

አለሚቱ በሕይወት ካለች እንደኔው አርጅታለች፤ በመዳኗ ዛሬም ደስ ይለኛል። አባቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ፊት ቀና ብሎ አላየም። ማንም እንዳይፈራው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ኖረ፤ ሲያጫውተኝም፣ ሲድረኝም፣ የልጅ ልጁን ሲያቅፍም። የሞተ ዕለት ዓይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ። ከመክደኔ በፊት ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ አየሁት፤ ዓይኑ ጠይም ማር የመሰለ ነበር፣ ረስቼው ነበር።