የዓርብ ዶሮ

የልጅ ልጄ በለጋ ቅቤ ሽንኩርት ስታቁላላ ሲሸተኝ አፌ ይደርቃል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ አባቴ ታሰረ። አክስቴ ቀደም ሲል አዲስ አበባ ፈረንሳዮች ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ይህን የሰማ አንድ የጣሊያን ሹም "የፈረንሳይ እራት ሥሪልኝ፤ ከጣመኝ ወንድምሽን እፈታዋለሁ" አላት። ለእራቱ የሚሆን ግን ምንም አልሰጣትም። ያለን አንድ ዶሮ፣ ሦስት ሽንኩርትና ጥቂት ለጋ ቅቤ ነበር፤ ሽንኩርቱን በቅቤው አቁላልታ፣ ወይን ስላጣች ዶሮውን በጠጅ ቀቀለችው።

ቀኑ ዓርብ ስለነበር አክስቴ መቅመስ አትችልም። እኔ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር፤ መጾም አልጀመርኩም።

"ጨው በቃው?" ብላ ማንኪያውን ወደ አፌ አመጣችው።

"ይጣፍጣል፣ እትዬ።"

"እሱ ጠጁ ነው። የጠየቅሁሽ ጨውን ነው።"

"በርበሬ የሌለው ዶሮ መች በልቼ አውቃለሁ?"

"ታዲያ ማንን ልጠይቅ? እዚህ ቤት የማይጾም አንቺ ብቻ ነሽ።"

ፈራሁ። "በቃው" አልኳት።

ድስቱን በነጠላዋ ሸፍና ይዛ ወጣች። እኔ ማንኪያውን ደጋግሜ ላስሁት፤ አንዴ ጨው የበዛው፣ አንዴ ያነሰው ይመስለኛል። አባቴ በማግስቱ ቢፈታም፣ ያንን ፍርድ በሕፃን ምላስ ላይ የጣለውን ሹም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

"እማማ፣ ጨውን ይቅመሱልኝ" ትለኛለች የልጅ ልጄ።

"ራስሽ ቅመሺው" እላታለሁ።