አዴራ ያልጣሉት ሲዲ ማጫወቻ

ዛሬ ሮቤ፣ አጎቴ ቤት፣ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ካረፈች ቆይታለች።

አዴራ አማን (በእኛ ቤት አጎት "አዴራ" ነው የሚባለው) ድሮ ከጅዳ ያመጡት ትልቅ ሲዲ ማጫወቻ አላቸው። "አዴራ፣ ይጣሉት፤ ሁሉም ስልኬ ላይ አለ" እያልኩ ስነዘንዛቸው ነው የኖርኩት።

ዛሬ የሰርጌን ሲዲ ከፈቱ። ስልኬ ላይ ባለው ቅጂ የሚሰማው የሚመርቁን ሽማግሌ ድምፅ ብቻ ነው። እዚህ ግን ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል፣ የእናቴ "አሚን፣ አሚን" ጥርት ብሎ መጣ።

"ምርቃት ያለ አሚን ምን ያደርጋል?" አሉኝ አዴራ።

(ስልካችሁ ደህና ስፒከር ያለው አትቆጡ፤ የኔው ስልክ ከጊኒር ገበያ በክርክር የተገዛ ነው።)

አዴራ፣ እንኳንም አልሰሙኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።

እናንተስ ቤት "ጣሉት" ተብሎ ያልተጣለው ዕቃ የማንን ድምፅ መለሰላችሁ?